ባለ ሦስት ቀንዱ ፊደል

የአገሩን ስም አትጠይቁኝ፤ የንጉሡንም እንዲሁ። እኔ የምነግራችሁ የሆነውን ነው፤ የት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ።

በዚያ አገር ሰው የሚያገባው ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና ሲታጣ ነው። ያልተቆጠረለት አያገባም፤ ሲሞትም ከአባቶቹ ጎን አይቀበርም። ቀድሞ ቆጠራውን በቃላቸው ይዘውት የኖሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። አንድ ክፉ የበሽታ ዘመን መጥቶ ሽማግሌዎቹን ሲጨርስ፣ የንጉሡ አያት ከተራራው ማዶ ጸሐፊዎች አስመጡ። የማኅደር ቤት ሰዎች የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ከበሽታው የተረፈውን ሰው እየጠየቁ የአገሩን ዘር ሁሉ ጻፉት። ሐሰት አልናገርም፤ ጥሩ አድርገው ጻፉት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አንድ ስም አልጠፋባቸውም። ፊደሉ የእኛው ፊደል ነው፤ አደራደሩና አጣጣፉ ግን የእነሱ የብቻቸው ስለነበረ ከእነሱ በቀር የሚያነበው አልተገኘም።

ወደ ማኅደር ቤት የሚሄድ ጠያቂ በቤቱ ሥርዓት በተጫነ በቅሎ ተቀምጦ፣ የቤቱን ግራጫ ካባ ደርቦ፣ በቤቱ አነጋገር መጠየቅ ነበረበት። በሩ ላይ ሊቀ ደፍ የሚባል ሹም ቆሞ ጠያቂው በየትኛው እግሩ እንደገባ ያያል። በቀኝ እግሩ የገባ ተመልሶ ሄዶ በማግሥቱ ይመጣል። ቀጥሎ ሊቀ ኮርቻ አለ፤ የኮርቻውን ዘለበት አገላብጦ ይመረምራል። የዘለበቱ ዓይነት በየሦስት ዓመቱ ስለሚለወጥ፣ ትናንት የገባ በቅሎ ዛሬ በዚያው በር ላይገባ ይችላል። ከሁሉ በላይ ሊቀ ቃል ተቀምጧል። ጥያቄውን የሚሰማው እሱ ነው። ከቃሉ ቅደም ተከተል አንዲቱ ብትዛነፍ «አልሰማሁም» ይላል እንጂ ምኑ ላይ እንደተሳሳቱ አይነግርም። የሰላምታው ቃል ደግሞ በየዘመን መለወጫው ይቀየራል፤ አምና ክብር የነበረው ዘንድሮ ስድብ ይሆናል።

ጓንጉል የሚባል የወንዝ ማዶ ሰው ነበረ። በስሕተት «ሞተ» ተብሎ ተጻፈበት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየተመላለሰ «አለሁ» አለ። ሊቀ ቃልም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «የሞተ አይጠይቅም» እያለ መለሰው። በአሥረኛው ዓመት ሞተ። ማኅደር ቤትም ትክክል ሆነ።

ሸንጎው የተነሣው ከጓንጉል ሞት በኋላ ነው። ብዙ ቀን ተከራክሮ፣ ከእንግዲህ የሚወለደውን፣ የሚያገባውንና የሚሞተውን እኛው በእጃችን እንድንጽፍ ፈቀደ። ለዚህ ሥራ አለቃ ምናሴ ተሾሙ። እሳቸው ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲቆጡ እንኳ የማይጮኹ ሰው ነበሩ። በአሮጌው ገበያ ላይ ምሰሶና ጣራ ብቻ ያለው፣ ግድግዳ የሌለው አዳራሽ አሠሩ። ማንም ገብቶ ያነባል። ስሕተት ያገኘ ሰው ሁለት ምስክር አቁሞ ያርማል። የጽሕፈቱን ሥርዓት ልማር ላለ ሁሉ እናስተምራለን። ክፍት አዳራሽ ተባለ። እኔ እታፈራሁ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ጸሐፊዎች አንዷ ነበርኩ።

ፊደሉንም አቀለልነው። «ለአንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ፊደል ምን ያደርጋል?» ብዬ በጉባኤው መካከል የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ተስማማ። ከየድምፁ አንድ አንድ ፊደል አስቀርተን ሌላውን ጣልን። በዚያ ቀን በጣም ኮርቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ዓመት ሳይሞላ ችግሩ መጣ። አዲስ የተወለደውን እኛ ጻፍነው፤ የሚያገባው ሰው ግን ትናንት የተወለደ አይደለም። አያቱና ቅድመ አያቱ ያሉት ማኅደር ቤት ነው። አለቃ ምናሴ ካባውን ደርበው፣ በግራ እግራቸው ገብተው፣ የአገሩ የዘር መጽሐፍ ለአገሩ እንዲመለስ ጠየቁ።

ሊቀ ቃል፣ «ስሙ የእናንተ ነው፤ ጽሕፈቱ የእኛ ነው» አላቸው።

ቢሆንም የማኅደር ቤት ሰዎች እጃችን ባዶ እንዲቀር አልፈለጉም። ከሰዎቻቸው አንዱን ሊሰጡን ተስማሙ። ቃል አድራሽ ይሉታል። የእኛን ጥያቄ ይቀበላል፤ እንዴት እንደሚጠይቅ ለማንም ሳያሳይ ማኅደር ቤት ገብቶ ይጠይቃል፤ መልሱን ያመጣል። ለዚህም ግድግዳና ቁልፍ ያለው ክፍል በአዳራሻችን ውስጥ እንድንሠራለት ጠየቁ።

እኔ ተቃወምኩ። «አለቃ፣ ግድግዳ በሌለው ቤት ውስጥ ቁልፍ ያለው ክፍል?» አልኳቸው።

«አውቃለሁ እታፈራሁ» አሉኝ። «እኔም ደስ አላለኝም። ግን ሬሳ ብዙ አይጠብቅም። ሰርግ የደገሰም ሰው አለ። እስቲ ለጊዜው ይሁን።»

ክፍሉ ተሠራ። ዘገየ የሚባል ቃል አድራሽ መጣ። ዕድሜው አርባ ያለፈ፣ ትከሻው የጎበጠ፣ አንገቱ ላይ የማኅደር ቤትን ማኅተም በጥቁር ማተብ ያንጠለጠለ ሰው ነበር። በጠባብ መስኮት ጥያቄውን ይቀበላል። ንግግሩ አንድ ነው፤ «የሰጣችሁኝን አደርሳለሁ፤ የሰጡኝን እመልሳለሁ።» ከጥያቄው ላይ አንዲት ፊደል እንዳይለውጥ፣ የአጠያየቁን መንገድም ለማንም እንዳይናገር መሐላ ነበረበት። ምሳውን ለብቻው ይበላል። አንዳንድ ቀን እኛ ስንሳሳቅ ከመስኮቱ ኋላ ፊቱን አየው ነበር፤ ወዲያው ዘወር ይላል።

ሥራው ሄደልን። ሰው አገባ፤ ሰው ተቀበረ። ግን አልፎ አልፎ ዘገየ ይዞት የሚመጣው መልስ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» የሚል ነበር። በአገሩ ሕግ ስሙ ያልተገኘ ሰው ዘር አልባ ይባላል። ዘር አልባ አያገባም፤ አይወርስም፤ ሲሞት መንገድ ዳር ይቀበራል። በአንድ ዓመት አሥራ ሰባት ሰዎች ዘር አልባ ሆኑ። እኛ ማኅደር ቤት ሊበቀለን ፈልጎ ነው ስንል፣ ማኅደር ቤት ደግሞ የጠየቃችሁትን መለስን አለ። ዘገየ ያችኑ ንግግሩን ይደግማል።

ከዚያ አመለወርቅ መጣች። ሰሌን ሠሪ ናት፤ እጆቿ ከዘንባባው የተነሣ የተሰነጣጠቁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት። አባቷ አቶ ሠርጸ ቀፎ ሠሪ ነበሩ፤ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ውለዋል። እሷን ሊያገባ የጠየቀው ቢተው የሚባል አናጢ ነው። ድልድይ ይሠራል፤ ጥሩ እጅ አለው፤ ጥቂት ነው የሚናገረው። አባቷ ዓይናቸው ሳይከደን የልጃቸውን ሰርግ ማየት ፈልገው ስለነበር ሁለቱም ቸኩለዋል። ጥያቄውን እኔ ጻፍኩላቸው። ዘገየ ወሰደው።

በማግሥቱ መልሱን በመስኮቱ ነገራት። «የሠርጸ ልጅ አመለወርቅ የምትባል የለችም። ሠርጸ የሚባልም የለም።»

አመለወርቅ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እስኪመሽ ተቀምጣ ሄደች፤ በማግሥቱም መጥታ እዚያው ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ለዘገየ እንዲህ ስትለው ሰማሁ፦

«ጋሼ፣ አባቴ ሊሞት ነው። አልተወለድክም ልበለው?»

«እኔ አድራሽ ነኝ እህቴ።»

«ምን ብለው እንደጠየቁ ብቻ ይንገሩኝ። የተሳሳተው እዚያ ይሆናል።»

«መሐላ አለብኝ።»

«እሺ፤ መሐላዎን አልነካም። ግን ቀና ብለው ይዩኝ። አለሁ ወይስ የለሁም?»

ዘገየ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ መስኮቱን ዘጋ። በሥራ ሰዓት መስኮቱን ሲዘጋ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

አመለወርቅ ለአባቷ የነገረቻቸው በዚያ ማታ ነው። ይደነግጣሉ ብላ ፈርታ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳቁ። «ስሜንማ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አሏት። «ሕፃን ሆኜ አባቴ በትከሻው ተሸክሞ ማኅደር ቤት አስገባኝ። ጸሐፊው ደግ ሰው ነበር፤ ጎንበስ አድርጎ አሳየኝ። ማንበብ አልችልም፤ መጀመሪያ ላይ ያለው ግን ሦስት ቀንድ ነበረው። በሬ ሁለት ነው ያለው፣ የኔ ሦስት ነው እያልኩ ስኮራ ኖርኩ።» ከሰል አስመጥተው በተሰነጠቀ ሰሌን ላይ ሣሉላት።

ሰሌኑን ይዛ መጣች። ተቀበልኳትና አየሁት። እኔ ራሴ በጉባኤ ተነሥቼ ያስጣልኩት ፊደል ነው። በእኛ አጻጻፍ «ሠርጸ»ም «ሰርጸ»ም በአንዱ «ሰ» ይጻፋል፤ ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለማኅደር ቤት ግን ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ የተወለደ፣ ሌላው ያልተወለደ።

ለአለቃ ምናሴ አሳየኋቸው። «አዲስ ጥያቄ ጻፊ» አሉኝ። በባለ ሦስት ቀንዱ ፊደል ጻፍኩ። እጄ ፊደሉን ረስቶት ሁለት ጊዜ አበላሸሁት። ሦስታችንም ወደ መስኮቱ ሄድን።

ዘገየ ወረቀቱን አይቶ ቁልፉን ሲያዞር ሰማን። በሩን ከፍቶ ወጣ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ሰው ጀምሮ። አሥራ ሰባቱንም ሳደርስ፣ ‹ይህ ፊደል ልክ አይደለም› እያልኩ ነው የወሰድኩት። ደግሞ ይህ ፊደል ብቻ አይደለም።»

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት። ተናድጄ ነበር።

«መሐላውን ያፈረሰ ከማኅደር ይፋቃል። አባቴም አያቴም የዚያ ቤት ሰዎች ናቸው። ከተፋቅኩ ማን ነኝ?»

ይህን ሲለኝ ንዴቴ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ፊደሉን የጣልኩት እኔ፣ እሱን የምቆጣው እኔ።

አለቃ ምናሴ፣ «አናስገድድህም። ይህን አንዱን ጥያቄ ብቻ አድርስልን፤ የጻፍነው እኛ ነን፤ መሐላህን አልነካህም» አሉት። ወሰደው።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። ቢተውም ሥራውን ትቶ መጥቶ ከአመለወርቅ አጠገብ ቆሟል። ዘገየ ወደ ክፍሉ አልገባም፤ አዳራሹ መካከል ቆሞ አንዴ እሷን፣ አንዴ መሬቱን ያያል።

«ተገኙ?» አለችው።

«ተገኙ። አባትሽ አሉ፤ አባታቸውም አሉ፤ እስከ ሰባት ቤት ሁሉም አሉ።» ትንሽ ቆመ። «የቢተውንም ቆጠርኩ። ስድስተኛ ቤት ላይ ትገናኛላችሁ። ሁለታችሁም የምትወለዱት ከአንዲት ሴት ነው፤ ወለተ ሐና ትባላለች።»

በአዳራሹ ማዶ አንድ ስም ያሳርሙ የነበሩ ሁለት ሰዎች ወደ እኛ ዞሩ።

«ይድገሙልኝ» አለች አመለወርቅ።

ዘገየ በእሷ በኩል ስድስት ስም፣ በእሱ በኩል ስድስት ስም አንድ በአንድ ቆጠረ። መጨረሻው ላይ ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ ጠራ።

ቢተው መጋዙን ከትከሻው አወረደና መልሶ አነገተው። «ባላውቀው ይሻለኝ ነበር» አለ።

«ለእኔ አይሻለኝም» አለችው። «መልሱ ክፉ ነው። ክፉም ቢሆን የእኔ ነው። ትናንት ክፉም ደግም አልነበረኝም።»

ቢተው ትኩር ብሎ ተመለከታት። ከዚያ ወጥቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት ወደ ታችኛው አገር፣ ሁለት ቀን ወደሚያስሄድ ወንዝ፣ ድልድይ ሊሠራ እንደወረደ ሰማን።

ዘገየ ምሰሶውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። «መደበቅ እችል ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «መንገድ ላይ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ‹ንጹሕ ነው› ብላቸው ማን ያውቃል?»

የመለሰችለት አመለወርቅ ናት። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ መጥታ ከፊቱ ተንበረከከች። «ጋሼ፣ እኔ የመጣብኝ መጥቷል። አሥራ ሰባቱስ? እነሱ እስካሁን የሉም። ከመካከላቸው ልጅ ያረገዘች አለች፤ ልጅዋም ሳይወለድ የለም ሊባል ነው።»

ዘገየ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ፤ በርጩማውን ይዞ ወጣ፤ አዳራሹ መካከል አስቀምጦ ተቀመጠበት። ማኅተሙን ከአንገቱ አውልቆ በሩ ላይ ሰቀለው።

«ብርዕ ያዙ» አለ።

አራት ቀን ተናገረ፤ አራት ቀን ጻፍን። በግራ እግር ለምን እንደሚገባ፣ የዘንድሮው ሰላምታ የትኛው እንደሆነ፣ ከስም በፊት አያት እንደሚጠራ፣ የትኛው ስም በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ፣ ሊቀ ቃል «አልሰማሁም» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ። «አልሰማሁም» አራት ዓይነት ኖሯል፤ እኛ አንድ ይመስለን ነበር። የጻፍነውን በምሰሶው ላይ ሰቀልነው። የፈለገ ገልብጦ ወሰደ። የክፍሉን ግድግዳ አለቃ ምናሴ በእጃቸው አፈረሱት።

የጣልናቸውን ፊደሎች መልሰን አመጣን። አሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ በዚያኛው ጉባኤ እንደቆምኩት ቆሜ። አሥራ ሰባቱን ሰዎች በየተራ ጠየቅንላቸው። አሥራ ስድስቱ ተገኙ። አንዷን ሴት እስከ ዛሬ አላገኘናትም።

ማኅደር ቤትም ዝም አላለም። ዘመን መለወጫ ሳይደርስ ሰላምታውን ለወጠ። ከደጃፉ ቆመን የሚገቡትን የቤቱን ሰዎች እያዳመጥን አዲሱን ጻፍን። ዘለበቱን ለወጠ፤ አንጥረኞቻችን አይተው ሠሩት። አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት በር ተዘግቶብን ቆየን። በዚያ መካከል ሳይቆጠርለት በሰው መቃብር ያረፈ ሰው አለ፤ ይህን አልደብቅም። እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው፤ እነሱ ይለውጣሉ፤ እኛ እናዳምጣለን።

ዘገየንም ፋቁት። እሱ ራሱ ባስተማረን አጠያየቅ፣ ራሱ ሄዶ ስለ ራሱ ጠየቀ። «እንዲህ ያለ ሰው የለም» አሉት። ይህን ነግሮን ከእኛ ጋር ወደ ጀመረው የጽሕፈት ሥራ ተመለሰ። ያን ቀን ግን የጻፈው ሁሉ የተበላሸ ነበር፤ ማታ እኔ ደግሜ ጻፍኩት።

አቶ ሠርጸ ይህን ከልጃቸው ሰሙ። «አምጡልኝ» አሉ። አለቃ ምናሴና እኔ ይዘነው ሄድን። ከአልጋው ቀና ማለት አቅቷቸው በጎን እንደተኙ አዩት።

«አባትህ ማነው?» አሉት።

«የለም ተብሏል» አለ ዘገየ።

«እኔም የለህም ተብዬ ነበር።» ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ቆዩና፣ «ወንድ ልጅ የለኝም። ሁለት ምስክር እዚህ ተቀምጧል። ከእኔ ሥር ጻፉት» አሉ።

ዘገየ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ጎንበስ አለ፤ ጉልበታቸውንም ሳመ። አመለወርቅ ከበሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። ያን ዕለት ማታውኑ ጻፍነው፤ ዘገየ ሠርጸ፣ የአመለወርቅ ወንድም።

አቶ ሠርጸ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ቆይተው፣ ዝናቡ ሲያቆም አረፉ። በዚያ አገር ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰባት ቤት ውስጥ ያሉ አራት ወንዶች ናቸው፤ ባዕድ አይነካውም። ከፊት በቀኝ በኩል ዘገየ ያዘ። ከእህታቸው የተወለዱ ሁለት ሰዎች የኋላውን ያዙ። አራተኛ ሰው አልነበረም። አለቃ ምናሴ ሽማግሌዎቹን ምን ይደረግ ብለው ሲጠይቁ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

በዚህ መካከል ከታች ከመንገዱ አንድ ሰው ሲመጣ አየን። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ቀን የተጓዘ እግር ነበር። ቢተው ነው፤ የአቶ ሠርጸን መድከም ሰምቶ አስቀድሞ ተነሥቶ ኖሯል። ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ በሰዉ መካከል አልፎ ወደ ቃሬዛው ቀረበ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ክንዱን ይዞ አቆመው። «አንተ ምናቸው ነህ?»

አመለወርቅ ከሴቶቹ መካከል ቀና አለች።

«ስድስተኛ ቤት ነኝ» አለ ቢተው፤ ትከሻውንም ከቃሬዛው ሥር አስገባ።